«ጎመንሽ ሞተ አሉኝ»፦ የአንድ የጓሮ ግጥም ድምፀት፣ ድባብና ቤት አመታት

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሥነ ጽሑፍ ክበባችን አንዲት ልጅ ስለ ጓሮ አትክልት የጻፈችውን ግጥም ተሰጥቶን ድምፀቱን፣ ድባቡንና ቤት አመታቱን እንድንተነትን ተጠየቅን። ግጥሙ ይሄ ነው፦

ያንቺን ዶማ ይዤ ጓሮ ልውጣ ዛሬ፣
ጎመንሽ ሞተ አሉኝ፣ ይሄም ሆነ ወሬ!
አረምሽ ግትር ነው፣ እንዳንቺ ፀባዩ፣
ብነቅለው ብነቅለው ይበቅላል ከላዩ።
ውሃ አጠጣሁልሽ ማታ ማታ በጆግ፣
ማን እንደሚጠጣው አልጠየቅሁሽም።
በጨርቅ የቋጠርሽው ዘርሽ አለ ቤቴ፣
ሰኔ ሲገባማ ንቂልኝ እናቴ።

እኔ የመለስኩት እንዲህ ነው። ድምፀቱ ደስተኛ ነው፤ ምክንያቱም የሚያወራው ስለ አትክልትና ስለ ዘር ነው፣ ዘር ደግሞ ተስፋ ነው። ድባቡም ያው ነው። ቤት አመታቱ 5ኛውና 6ኛው መስመር ላይ ተበላሽቷል፣ ገጣሚዋ ተሳስታለች። መምህሬ ግማሽ ነጥብ ሰጥቶኝ «ደግመሽ አንብቢው» ብሎ ጻፈብኝ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ያንን የተበላሸ ቦታስ እንዴት ላስተካክለው?

ምላሽ፦ የሳትሽው ገና ስትጀምሪ ነው። ርዕሰ ጉዳዩን አይተሽ ድምፀቱን ወሰንሽ። ግጥሙ ስለ ጓሮ ስለሆነ ደስ የሚል መሆን አለበት ብለሽ ገመትሽ። ግን ስለ ምን እንደሚወራና እንዴት እንደሚወራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ሠርግ በምሬት ሊጻፍ ይችላል። ስለ ለቅሶም በፍቅርና በፈገግታ ሊጻፍ ይችላል። «አትክልት»፣ «ዘር»፣ «ዝናብ» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን ስለ ድምፀት የሚነግሩሽ ነገር የለም።

ሁለተኛው ስህተት ድምፀትና ድባብን «ያው ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ድምፀት የተናጋሪዋ ነው። ለምታወራው ነገርና ለምታናግረው ሰው ያላት አመለካከት በአነጋገሯ ሲሰማ ድምፀት እንለዋለን። ድባብ ግን ግጥሙ አንባቢው ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው። ሁለቱ አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴም ተቃራኒ ይሆናሉ። እዚህ ግጥም ውስጥ ረጅም መንገድ ተለያይተው ይሄዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። የግጥሙ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ «ማን ነው የሚናገረው? ለማን?» የሚለውን ነው። ይሄን ሳትጠይቂ ድምፀት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። መልሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አለ፦ «ያንቺን»። ይሄ ግጥም ስለ ጓሮ የሚያወራው ለእኛ አይደለም። ተናጋሪዋ የምታናግረው አንዲት ሴትን ነው። (ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ግጥሙ አይነግረንም። ለአነጋገር እንዲመቸኝ ሴት ላድርጋት።) ያቺ ሴት ማን እንደሆነች እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አናውቅም። ዶማው የእሷ ነው፣ ጎመኑ የእሷ ነው፣ አረሙ ሳይቀር የእሷ ነው። እሷ ግን ጓሮው ውስጥ የለችም።

አሁን አነጋገሩን ስሚ። «ልውጣ ዛሬ» ትላለች። «ወጣሁ» አላለችም። እስከ ዛሬ ዶማ ይዛ ሳትወጣ ቆይታ ዛሬ ራሷን የገፋች ሰው ናት። ከዚያ «ይሄም ሆነ ወሬ!» ይመጣል። ይሄ የንጭንጭ ቃል ነው። ጎረቤት መጥቶ «ጎመኑ እኮ ሞተ» ሲላት የተቆጣች ሰው ናት። ልብ በይ፣ ለጎመን አብዛኛው ሰው የሚለው «ጠወለገ» ወይም «ደረቀ» ነው። እዚህ ግን «ሞተ» ነው የተባለው። የተቆጣችው በጎመኑ እንዳልሆነ እዚህ ላይ መጠርጠር ይቻላል። ሰዉ ስለ ጎመን ሞት ያወራል፣ እሷ ውስጥ ያለው ሞት ግን ሌላ ነው።

3ኛውና 4ኛው መስመር ላይ ንጭንጩ ወደ ተረብ ይጠጋል። «አረምሽ ግትር ነው፣ እንዳንቺ ፀባዩ።» እንዲህ ያለ ስድብ ለማንም ሰው አይነገርም። አብሮሽ ለኖረ፣ ለምትወጂው፣ መልሶ እንደሚስቅ ለምታውቂው ሰው ብቻ ነው የሚነገረው። ስለዚህ የእነዚህ አራት መስመሮች ድምፀት ቁጣ መሳይ ቅርበት ነው። ደስታ አይደለም፣ ምሬትም አይደለም። ቤት ውስጥ እየተጨቃጨቁ የሚዋደዱ ሰዎች ድምፅ ነው። አንባቢውም እዚህ ድረስ ፈገግ ሊል ይችላል።

ጓሮ ነክተሽ የምታውቂ ከሆነ 4ኛው መስመር ይበልጥ ይገባሻል። ሰርዶን የመሰለ አረም ላዩን ብቻ ስትነቅይው ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ሰንብቶም እንደገና ብቅ ይላል። ጨርሶ የሚጠፋው ቆፍረሽ ሥሩን ስታወጪው ነው። ተናጋሪዋ ግን ዶማ ይዛ ወጥታ ስትነቅል ነው የምናያት። አትቆፍርም። ለምን እንደማትቆፍር ግጥሙ አይናገርም፣ እኔም አልወስንልሽም። «እንዳንቺ ፀባዩ» ካለች በኋላ ግን ያ አረም ጨርሶ እንዲጠፋ የምትፈልግ አይመስለኝም።

5ኛው መስመር ላይ ድምፁ ይለወጣል። ተረቡ ያልቃል። «ውሃ አጠጣሁልሽ ማታ ማታ በጆግ።» እዚህ አንድ ትንሽ ቅጥያ አለች፣ «ልሽ» የምትባለው። «አጠጣሁ» ብትል ኖሮ የሥራ ዘገባ ይሆን ነበር። «አጠጣሁልሽ» ስትል ግን ሥራው ስለ ሴትዮዋ የሚሠራ ውለታ ሆነ። አማርኛ ውስጥ ድምፀት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እንዲህ ባሉ ቅጥያዎች ነው። ብዙ ተማሪ «አሳዛኝ»፣ «አስደሳች» የሚሉ ትልልቅ ቃላትን ግጥሙ ውስጥ ሲፈልግ «ልሽ»፣ «ልኝ»፣ «ማ» እና «ም» በአጠገቡ ያልፋሉ። ይሄኛውን ግጥም ብታጣሪው አንድም የስሜት ስም የለውም። ሐዘን፣ ናፍቆት፣ ፍቅር፣ ተስፋ የሚል ቃል አታገኚበትም። ስሜቱን የተሸከሙት ቅጥያዎቹ ናቸው።

ቀጥሎ «ማን እንደሚጠጣው አልጠየቅሁሽም» ትላለች። ማታ ማታ ውሃ ታጠጣለች፣ ጎመኑ ሞቷል ተብሏል፣ ታዲያ ውሃውን ማን ነው የሚጠጣው? ይሄንን ልትጠይቅ አትፈልግም። መልሱን የምታውቀው ይመስለኛል። አንባቢው ላይ ድባቡ የሚወርደው እዚህ መስመር ላይ ነው። እስከ አሁን በንጭንጩ ተታሎ የመጣ አንባቢ፣ ይቺ ሰው የምታናግራት ሴት እንደማትመልስላት ይገባዋል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ንጭንጩ ፈጽሞ ይጠፋና ልመና ይተካዋል። «ሰኔ ሲገባማ ንቂልኝ እናቴ።» ያቺ «ማ» ብዙ ነገር ትናገራለች። «እስከዚያ ተኚ፣ እሺ፣ አልጨቀጭቅሽም፤ ሰኔ ሲገባ ግን እምቢ እንዳትዪኝ» የማለት ያህል ናት። «ልኝ» ደግሞ የ5ኛው መስመር «ልሽ» መልስ ናት። ስታደርግላት ቆይታ አሁን አንዲት ነገር እንድታደርግላት ትለምናለች። «እናቴ» የሚለው ቃል የመጣው ከሁሉም በኋላ፣ የግጥሙ መጨረሻ ቃል ሆኖ ነው። ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ ሰኔን ይጠብቃል። ሰኔ የክረምቱ መግቢያ ነው። ስለዚህ ግጥሙ የተነገረው ገና ሰኔ ሳይገባ፣ ጓሮ በጆግ በሚጠጣበት በደረቁ ወራት ነው። ይሄን የጊዜ ነገር ችላ ካልሽው ድባቡን አታገኚውም። ድባቡ የጥበቃ ድባብ ነው። ዘሩ መብቀሉ አይቀርም፤ እናትየዋ ግን እንደ ዘሩ ትነሳለች ወይ? ግጥሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል።

«ዘር ተስፋ ነው» ያልሽው እንግዲህ ሙሉ ለሙሉ ስህተት አይደለም። ተስፋው አለ። ግን ተስፋው ከማይሆን ነገር ጋር ታስሯል፣ የሚያሳምመውም ለዚህ ነው። ይሄን አነጋገር ከሙሾ ታውቂዋለሽ። በሙሾ አልቃሽ ሟችን «አንቺ»፣ «አንተ» እያለች ፊት ለፊት ታናግራለች፣ ትወቅሳለች፣ «ተነሽ» ትላለች። ግጥሙ ሙሾ ነው እያልኩሽ አይደለም። መጨረሻው መስመር ላይ ግን የሙሾ ጥላ አለበት፣ ቤት ውስጥ ለቅሶ ያየ አንባቢ ሳይነገረው ይሰማዋል።

አሁን ወደ ቤት አመታቱ። ብዙ ሰው ቤት መምታትን፣ ማለትም የመስመሮች መጨረሻ በድምፅ መመሳሰሉን፣ የግጥም ጌጥ አድርጎ ያየዋል፣ ተሟላ ወይም ተበላሸ ብሎ ነጥብ ይሰጣል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቤት ጆሮን የሚያስለምድ ነገር ነው። ጆሮ ከለመደ በኋላ ይጠብቃል፤ ገጣሚ ደግሞ በዚያ ጥበቃ ትሠራበታለች። ስለዚህ ጥያቄሽ «ቤት መታ ወይስ አልመታም?» ብቻ አይሁን። «የት መታ፣ የት ተወ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እየተባለ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ።

ግጥሙ የተጻፈው በወል ቤት ነው። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም (በአንድ ጭብጨባ የሚነበብ ድምፅ) አለው። «ያንቺን ዶማ ይዤ» 6፣ «ጓሮ ልውጣ ዛሬ» 6። ቀለም ስትቆጥሪ ፊደል አትቁጠሪ። ብቻውን የማይነበብ ሳድስ ከጎኑ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ነው የሚቆጠረው። «ጎመንሽ» 4 ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን 3 ነው። «ሞተ አሉኝ» ደግሞ ሲነበብ ተዋህዶ «ሞታሉኝ» ይሆናል፣ «ውሃ አጠጣሁልሽ»ም እንደዚሁ። እነዚህን በእጅሽ እያጨበጨብሽ ካላነበብሻቸው ወረቀት ላይ 7 ሆነው ይታዩሽና ግጥሙን ያለ ጥፋቱ ትከሺዋለሽ።

ዛሬና ወሬ፣ ፀባዩና ከላዩ፣ ቤቴና እናቴ በደንብ ይመታሉ። የመጨረሻው ፊደል ራሱ ነው፣ አናባቢውም አንድ ነው። «በጆግ» እና «አልጠየቅሁሽም» ግን አይመቱም። አንዳንድ ተማሪ «ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ ስለዚህ ይመታሉ» ብሎ ይከራከራል። አይሆንም። መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ አናባቢ ስለሌለው የሚሰማው ተነባቢው ነው፤ «ግ» እና «ም» ደግሞ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ቤቱ እዚያ ጋ አልመታም ማለትሽ ልክ ነው። «ተሳስታለች» ማለትሽ ነው ችግሩ።

ለምን ስህተት አይደለም እላለሁ? ያልመታው ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። «አልጠየቅሁሽም»ን ቁጠሪው። 5 ቀለም ነው። በጠቅላላው ግጥም ውስጥ አንድ ቀለም የጎደለው ሐረግ እሱ ብቻ ነው። ቤቱና ምቱ (የቀለሙ ልክ) አንድ ቦታ ላይ አብረው ጎደሉ። የጎደሉትም ተናጋሪዋ አንድ ነገር ከመጠየቅ በተቆጠበችበት፣ ንጭንጯ ባለቀበት መስመር ላይ ነው። ጮክ ብለሽ ስታነቢው ድምፅሽ ሊያርፍ ሲል ማረፊያ ያጣል። ቀጥሎ ቤቱ ይመለሳል፣ ግን በሌላ ነገር ይመለሳል። እስከ 7ኛው መስመር አጋማሽ ድረስ ከ4ኛው በቀር «አንቺ» ወይም «ሽ» የሌለበት መስመር የለም፤ ሁሉም ነገር የእሷ ነው። የመጨረሻው ቤት ላይ ግን «ቤቴ»፣ «እናቴ» ይመጣል። «የኔ» የሚል ነገር ግጥሙ ውስጥ የተሰማው እዚህ ብቻ ነው። ከተሰበረው ቤት በኋላ የመጣው ይህ «ቴ» ነው፣ ተናጋሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለራሷ ጉዳት የተናገረችበትም ነው። ይሄ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከዚህ ተነስተሽ ቤት ያልመታ ግጥም ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወደማለት እንዳትሄጂ። አብዛኛው ያልመታ ቤት ቃል አጥቶ የቀረ ነው፣ እንደዚያ ማለትም ነውር የለውም። መለያው ቀላል ነው። ቤቱ በተሰበረበት ቦታ ሐሳቡም ተሰብሯል? ምቱስ ተናግቷል? ሦስቱ አንድ ላይ ከተገናኙ ለገጣሚው ልታምኚለት ይገባል። ቤቱ ብቻ ተሰብሮ ሐሳቡ እንደነበረ ከቀጠለ ግን ጉድለት ነው።

ላስተካክለው ላልሽው፣ ይቻላል። ለምሳሌ እንዲህ ማድረግ ትችያለሽ፦

ውሃ አጠጣሁልሽ ማታ ማታ ቀርቤ፣
ማን እንደሚጠጣው አያውቅም ይህ ልቤ።

ቤቱ መታ፣ ቀለሙም 6 እና 6 ሞላ። ምን እንደጠፋ ግን እዪ። ጆጉ ጠፋ፤ በምትኩ ምንም የማይታይበት «ቀርቤ» ገባ። «አልጠየቅሁሽም» ጠፋ፤ እናትየዋን ማናገር ቆመና ስለራስ ልብ መናገር ተጀመረ። «ልቤ» ደግሞ ስንት ግጥም ላይ ቤት ለመሙላት የገባ ቃል ነው። ከሁሉ የከፋው፣ «የኔ» የሚለው ድምፅ ሁለት መስመር ቀድሞ መጣና የ«እናቴ»ን ጉልበት በላው። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ አትንኪው። ለገጣሚዋም «እዚህ ጋ አስተካክዪ» እንዳትያት።

ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ተጠንቀቂ። የመጀመሪያው ሰምና ወርቅ ፍለጋ ነው። «ሞተ» የሚለውን ይዘሽ ኅብረ ቃል ነው ብለሽ እንዳትፈቺው። ኅብረ ቃል አንዱ ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም ሲይዝ ነው። እዚህ «ሞተ» አንድ ትርጉም ነው ያለው፤ ጥላው ግን ጎመኑን አልፎ እናትየዋ ላይ ያርፋል። ይሄ ምሳሌያዊነት ነው፣ የቅኔ አካሄድ አይደለም።

ሁለተኛው ከግጥሙ ወጥቶ ወደ ሰው ሕይወት መግባት ነው። ገጣሚዋ የክበባችሁ ልጅ ናት ብለሻል። እባክሽ ሄደሽ «እናትሽ ሞታለች ወይ?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት። ተናጋሪዋና ገጣሚዋ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ትንተናሽም የሚቆመው ወረቀቱ ላይ ባለው ነው። እንዲያውም እናትየዋ መሞቷን ግጥሙ በግልጽ አይናገርም። አልጋ ላይ የዋለች በሽተኛ ብትሆንም «ንቂልኝ» ይባላል። እኔ ሞታለች ወደሚለው አደላለሁ፣ በ«ሞተ»ና በውሃው ጥያቄ ምክንያት። አንቺ ግን ስትጽፊ «ሞታለች» ብለሽ አትደምድሚ፤ «የሌለች ወይም የማትመልስ እናት» ብትዪ ማንም ሊነቅፍሽ አይችልም።

መልስሽን እንደገና ስትጽፊ በአንድ ቃል ለመገላገል አትሞክሪ። መጀመሪያ ግጥሙን ደጋግመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ድምፅሽ የተለወጠበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ እንዲህ ባለ መንገድ ጻፊው፦ የግጥሙ ድምፀት ከመስመር 1 እስከ 4 የንጭንጭና የተረብ ቅርበት ነው፣ ለዚህም «ይሄም ሆነ ወሬ» እና «እንዳንቺ ፀባዩ» ማስረጃ ናቸው፤ በመስመር 5 እና 6 ይቀዘቅዛል፣ ቤቱም ምቱም እዚያው ይጎድላሉ፤ በመስመር 7 እና 8 ወደ ልመና ይለወጣል፣ ማስረጃውም «ሲገባማ» እና «ንቂልኝ» ነው። ድባቡ መጀመሪያ ቀለል ያለ ይመስላል፣ ከ6ኛው መስመር በኋላ ግን ናፍቆትና ጥበቃ ይሆናል፤ ይሄን ድባብ የሠሩት ደረቁ ወቅት፣ ማታው፣ ጆጉና በጨርቅ የተቋጠረው ዘር ናቸው። የፈተና ወረቀቱ ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ብቻ ከፈቀደልሽ ለድምፀቱ «ልመና»፣ ለድባቡ «ናፍቆት» ብለሽ ሙዪ፣ ቦታ ካለሽም አጠገቡ የመስመሩን ቁጥር ጻፊበት።